ድምፅን ከጩኸት የለየው ሰው፦ የኤድዊን አርምስትሮንግ ሕይወትና ሙግት

ከጂዳ ወይም ከዱባይ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና አውሮፕላን መንደርደሪያውን ሲለቅ መንገደኛው ቀበቶውን አስሮ የጉዞ ዱዓውን ያደርሳል። ዑምራውን ፈጽሞ የሚመለሰውም በልቡ ቤተሰቡን ያስባል። በዚያው ሰዓት ከፊት ባለው ክፍል አብራሪው አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያዞራል። በመሣሪያው መስኮት ላይ ያሉት ቁጥሮች ይለዋወጣሉ፤ አውሮፕላኑም ከአንዱ የበረራ ተቆጣጣሪ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መንገደኛው ይህን አያይም፣ አይሰማምም። ነገር ግን በሰማይ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲንሳፈፉ፣ የሚፈለገው አንዱ ብቻ ተለይቶ ለአብራሪው ጆሮ እንዲደርስ የሚያደርገው በዚያች ቁልፍ ጀርባ ያለው ጥበብ ነው።

ይህ ጥበብ የብዙ ሰዎች ልፋት ድምር ነው። ከመሠረቱ ድንጋዮች ዋነኞቹን ያኖረው ግን ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ስሙ በብዙዎች ዘንድ ጨረቃን ከረገጠው ከኒል አርምስትሮንግ ጋር ይምታታል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን እግሩ ከምድር ሳይርቅ አየሩን ሁሉ በድምፅ የሞላ ሰው ነው። ሕይወቱም ሁለት ትምህርቶችን በአንድነት ይዟል፤ አንደኛው ጠቃሚ ዕውቀት ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ እንደሚኖር፣ ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛ መብት እንኳ ቢሆን እርቅን ፈጽሞ ከማያውቅ ልብ ጋር ሲገናኝ ባለቤቱን ሊያጠፋ እንደሚችል ነው።

የዮንከርሱ ልጅ

አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በመጻሕፍት ማሳተም ሥራ የተሰማራ፣ እናቱ ደግሞ ከትዳር በፊት መምህርት የነበረች ናት። በልጅነቱ የነርቭ ሕመም ያዘውና ለሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ርቆ በቤት ውስጥ ተማረ። ሕመሙ ቢለቀውም ሲጨነቅ ትከሻውንና ፊቱን የሚያንቀጠቅጥ ምልክት ዕድሜውን ሙሉ ትቶበት ሄደ። ከእኩዮቹ ጋር እንደልቡ መጫወት ያልቻለው ልጅ ፊቱን ወደ መሣሪያዎችና ወደ መጻሕፍት አዞረ።

ቤተሰቡ በሃድሰን ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ዮንከርስ ከተማ ከተዛወረ በኋላ፣ አባቱ ስለ ፈጠራ ሰዎች የሚተርክ መጽሐፍ አበረከተለት። ልጁም የጣሊያኑን የማርኮኒን የሽቦ አልባ ግንኙነት ታሪክ አንብቦ የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነ። በቤቱ ሰገነት ላይ የተቀባይ መሣሪያዎችን ይገጣጥም ጀመር፤ በግቢውም ቁመቱ 38 ሜትር ያህል የሆነ የአንቴና ምሰሶ በገዛ እጁ አቆመ። ከፍታ የማያስፈራው ሰው ስለነበር ምሰሶው ጫፍ ላይ ወጥቶ መሥራት ለእሱ ከደስታዎቹ አንዱ ነበር።

በ1909 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሚካኤል ፑፒን ከሚባለው ዝነኛ የፊዚክስ ሊቅ ሥርም ተማረ። አርምስትሮንግ የተነገረውን ሁሉ ተቀብሎ የሚሄድ ተማሪ አልነበረም፤ በእጁ ሞክሮ ያላረጋገጠውን ነገር አያምንም ነበር። ይህ ጠባዩ ለሳይንሱ ጠቀመው፤ በኋላ እንደምናየው በሰዎች መካከል ሲሆን ግን ከባድ ዋጋ አስከፈለው።

ራሱን የሚያጎላው ቱቦ

በዚያ ዘመን የሬዲዮ ትልቁ ችግር የድምፁ ደካማነት ነበር። ከሩቅ የመጣው ሞገድ አንቴናው ላይ ሲደርስ እጅግ ስስ ሆኖ ስለሚቀር፣ አድማጩ የጆሮ ማዳመጫ አጥብቆ ትንፋሹን ይዞ ካልሆነ በቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም። ሊ ዲ ፎረስት የሚባለው ሌላ አሜሪካዊ በ1906 ኦዲዮን ብሎ የሰየመውን ባለ ሦስት ክፍል የቫኪዩም ቱቦ ሠርቶ ነበር። ቱቦው ጠቃሚ መሆኑ ቢታወቅም በውስጡ ምን እንደሚካሄድ ሠሪው ራሱ በትክክል አልተረዳውም ነበር።

ወጣቱ ተማሪ ቱቦውን በትዕግሥት አጠና። በ1912ም አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረገ፤ ከቱቦው የሚወጣውን የጎላ ሞገድ ከፊሉን መልሶ ወደ መግቢያው አገናኘው። የጎላው ሞገድ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይጎላል፤ እንደገናም ይመለሳል። በዚህ ዑደት ደካማው ድምፅ በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ጠነከረ። ከአትላንቲክ ማዶ የሚላኩ መልእክቶች ያለ ችግር ይሰሙት ጀመር።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ደግሞ አስተዋለ። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሞገድ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ቱቦው መቀበሉን ትቶ ራሱ የማያቋርጥ ሞገድ ያመነጫል። ስለዚህ ያው አንድ ቱቦ ተቀባይም አመንጪም መሆን ይችላል ማለት ነው። አንባቢያን ይህን ነጥብ እንዲያስታውሱት እንሻለን፤ በአውሮፕላኑ ሬዲዮ ውስጥ ያለው የሞገድ አመንጪ የዚህ ግኝት ዝርያ ነውና።

አርምስትሮንግ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለማስመዝገብ ከአባቱ ገንዘብ ጠየቀ። አባትየው ግን ልጁ መጀመሪያ ትምህርቱን እንዲጨርስ ስለፈለገ እምቢ አለ። ገንዘብ ያጣው ተማሪ ቢያንስ ማስረጃ ይሁነኝ ብሎ የመሣሪያውን ንድፍ ጥር 31 ቀን 1913 በሕጋዊ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ አስመሰከረ። ማመልከቻውን ያስገባው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሲሆን መብቱን ያገኘው በ1914 ነው። በዚህ መካከል ያለፉት ወራት ኋላ ለረጅም ሙግት በር ከፈቱ። ዲ ፎረስት ይህን ግኝት እኔ ቀድሜ በ1912 አግኝቼዋለሁ ብሎ ተነሣ።

በፓሪስ ሰማይ ሥር

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917 አርምስትሮንግ በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል የመቶ አለቅነትን አልፎ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠውና ወደ ፓሪስ ተላከ። ከሥራዎቹ አንዱ በአውሮፕላኖች ላይ የሬዲዮ መሣሪያ ማስገጠም ነበር። በ1918 መጀመሪያ ላይ የጀርመን አውሮፕላኖች ፓሪስን በሌሊት ሲደበድቡ እያየ አንድ ሐሳብ መጣለት። የአውሮፕላን ሞተር ማቀጣጠያ ብልጭታ በጣም አጭር የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ይህን ሞገድ መያዝ ቢቻል፣ በጨለማ የሚመጣው አውሮፕላን ያለበት ቦታ ሊታወቅና የመከላከያው መድፍ በትክክል ሊያነጣጥር ይችላል።

ችግሩ የዘመኑ ቱቦዎች እንዲህ ያለውን ፈጣን ሞገድ ማጉላት አለመቻላቸው ነበር። አርምስትሮንግ መፍትሔውን ያገኘው ሞገዱን እንዳለ ለማጉላት ከመታገል ይልቅ ወደ ዝግተኛ ሞገድ በመለወጥ ነው። ሁለት የተለያዩ ሞገዶች በአንድ መሣሪያ ሲደባለቁ የሁለቱን ልዩነት የያዘ ሌላ ሞገድ ይወለዳል። ይህን የማደባለቅ መርህ ሬጂናልድ ፌሰንደን ቀድሞ አውቆት ነበር። የአርምስትሮንግ አዲስ እርምጃ በተቀባዩ ውስጥ የራሱን ሞገድ አመንጪ አስቀምጦ፣ ከውጭ የመጣውን ማናቸውንም ሞገድ ወደ አንድ ቋሚ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ማውረዱ ነው። ማጉያውና ማጣሪያው ለዚያ ለአንዱ ፍሪኩዌንሲ ብቻ በጥንቃቄ ስለሚሠሩ ተቀባዩ እጅግ ጆሮ ቀጭን ይሆናል።

መሣሪያው ሱፐርሄትሮዳይን ተባለ። ጦርነቱ ስላበቃ ለታሰበለት የአየር መከላከያ ተግባር ባይደርስም፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩት የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የራዳር ተቀባዮች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ተሠሩ። ለእውነት ሲባል ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪና ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪ በተመሳሳይ ወቅት ወደ ተቀራራቢ ሐሳብ መድረሳቸው መጠቀስ አለበት፤ በባለቤትነቱም ላይ ከሌቪ ወገን ጋር ክርክር ተነሥቷል። ሐሳቡን ወደ ተጨባጭ መሣሪያ ለውጦ ለዓለም ያዳረሰው ግን አርምስትሮንግ መሆኑን የሙያው ሰዎች ይመሰክሩለታል። ፈረንሳይም የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሸለመችው።

በአብራሪው ቁልፍ ጀርባ

እዚህ ላይ የሕይወት ታሪኩን ጥቂት ገታ አድርገን ወደ ተነሣንበት አውሮፕላን እንመለስ። የመንገደኛ አውሮፕላኖች የንግግር ሬዲዮ በአብዛኛው የሚሠራው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። አብራሪው ዓለም አቀፉን የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲ 121.5 ሜጋኸርዝን መረጠ እንበል። የተቀባዩ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ 10.7 ሜጋኸርዝ ይሁን። በአርምስትሮንግ መርህ መሠረት የውስጡ አመንጪ የሁለቱን ድምር 132.2 ሜጋኸርዝ ማመንጨት አለበት፤ የሁለቱ ልዩነት 10.7 ይሆናልና። አብራሪው ወደ 118.1 ቢያዞር አመንጪው ወደ 128.8 መሄድ ይኖርበታል። የቀረው ማጉያና ማጣሪያ ሁሉ ባለበት ይቆያል። እንግዲህ መስመር መምረጥ ማለት የውስጡን አመንጪ በትክክለኛው ቦታ ማቆም ማለት ነው።

ትክክለኛነቱ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። መስመሮቹ በ25 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሚራራቁ አመንጪው ጥቂት ቢንሸራተት አብራሪው የራሱን ተቆጣጣሪ ያጣል። ሙቀትና ብርድ፣ ንዝረትና የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ደግሞ ተራውን አመንጪ ያንሸራትቱታል። የማይንሸራተተው የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ክሪስታል የሚሰጠው አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ የአውሮፕላን ሬዲዮዎች ለየመስመሩ የየራሱን ክሪስታል ወይም የተዳበሉ ክሪስታሎችን ይይዙ ነበር። መስመሮቹ 360፣ ከዚያም 720፣ ቆይተውም 760 ሲደርሱ ያ መንገድ ውድና ከባድ ሆነ።

መፍትሔው ፍሪኩዌንሲ ሲንተሳይዘር የተባለው ክፍል ነው። አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ሰዓቶችን እናስብ፤ አንዱ ዘገምተኛ ግን ፈጽሞ የማይሳሳት፣ ሌላው ፈጣን ግን የሚዋዥቅ። የማይሳሳተው ክሪስታሉ ነው። ክሪስታሉ 10 ሜጋኸርዝ ቢያመነጭ፣ ይህ በ400 ተካፍሎ የ25 ኪሎኸርዝ መለኪያ ምት ይሆናል። ፈጣኑና የሚዋዥቀው ደግሞ በቮልቴጅ የሚታዘዘው አመንጪ ነው። የእሱ ሞገድ በአንድ ቆጣሪ ውስጥ ያልፋል፤ ለ121.5 መስመር ቆጣሪው በየ5288 ሞገድ አንድ ምት ይሰጣል። 132.2 ሜጋኸርዝ ለ5288 ሲካፈል በትክክል 25 ኪሎኸርዝ ነውና።

ከዚያ አነጻጻሪ የሚባለው ክፍል ሁለቱን ምቶች ጎን ለጎን ያያል። የአመንጪው ምት ዘግይቶ ከመጣ ቮልቴጁን አስተካክሎ ያፈጥነዋል፤ ቀድሞ ከመጣም ያዘገየዋል። እርማቱ ድንገተኛ እንዳይሆን በመካከሉ አንድ ማጣሪያ ያለዝበዋል። ሁለቱ ምቶች እኩል ሲገጥሙ አመንጪው በክሪስታሉ ታስሮ ይቆማል፤ ሊንሸራተት በሞከረ ቁጥርም ወዲያው ይመለሳል። አብራሪው ወደ ቀጣዩ መስመር ሲያዞር የሚለወጠው የቆጣሪው ቁጥር ብቻ ነው፤ 5288 ወደ 5289 ይሆናል፣ አመንጪውም 25 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ እንደገና ይታሰራል። በአንድ ክሪስታል ሁሉም መስመሮች ተገኙ።

ይህን የማሰሪያ ዑደት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዲ ቤልሲዝ በ1932 ጽፎበታል። ረቂቅ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጮች እስኪረክሱ ድረስ ግን በየአውሮፕላኑ ሊገባ አልቻለም። የሚታሰረው አመንጪ የ1912ቱ ግኝት ልጅ ነው፤ የሚያገለግለው ተቀባይም የ1918ቱ። ሁለቱም ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ናቸው።

ሀብት፣ ትዳርና ያልተተወው ወጪ

ከጦርነቱ ሲመለስ ዓለም ለሬዲዮ ተርባ ጠበቀችው። በ1920 ሁለቱን ዋና መብቶቹን ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በ335 ሺህ ዶላር ሸጠ። በ1922 ደግሞ ሌላ የመቀበያ ስልቱን ለአርሲኤ በ200 ሺህ ዶላርና በ60 ሺህ አክሲዮኖች ሰጥቶ፣ የዚህ ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ ትልቁ ግለሰብ ባለ አክሲዮን ሆነ። የአርሲኤ ኃላፊ ዴቪድ ሳርኖፍ ወዳጁ ነበር። የሳርኖፍን ጸሐፊ ማሪዮን ማክኢኒስን በታኅሣሥ 1923 አገባት። የሠርግ ስጦታውም በእጅ የሚያዝ የሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮ ነበር፤ በጊዜው እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ሙግቱ ግን ከጎኑ አልተለየም። ከዲ ፎረስት ጋር በተደረገው የፍርድ ቤት ክርክር መጀመሪያ ያሸነፈው አርምስትሮንግ ነበር። ዲ ፎረስት በዚያን ጊዜ ገንዘብ አልነበረውም፤ የክርክሩን ወጪ መክፈልም አልቻለም። የአርምስትሮንግ ወገኖች ወጪውን ቢተውለት ጉዳዩ በዚያው ተዘግቶ ያርፉ እንደነበር ይታመናል። እሱ ግን ሌባ ላለው ሰው አንዲት ሳንቲም እንኳ አልተውም አለ። እንዲያውም የመብቱን ቁጥር 1113149ን በባንዲራ ላይ አስጽፎ ዲ ፎረስት ሊያየው በሚችልበት በዮንከርሱ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። የመጨረሻው ውሳኔ ሳይመዘገብ ቀረ። ዲ ፎረስትም በሌላ በር ክርክሩን ቀጠለ፤ ከኋላው ኩባንያዎች ቆመው ነበር።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ በ1928 እና በ1934 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት በአርምስትሮንግ ላይ ተፈረደ። የሙያው ሰዎች ዳኞቹ የሳይንሱን ጭብጥ እንዳልተረዱት ያምኑ ነበር። አርምስትሮንግ ከዓመታት በፊት ለዚያ ግኝት የተሸለመውን ሜዳሊያ ይዞ በ1934 ወደ ሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ሄደ፤ ሊመልሰውም ፈለገ። ማኅበሩ አልቀበልም ብሎ ሽልማቱን በድጋሚ አጸናለት፤ በአዳራሹ የነበሩትም ሁሉ ተነሥተው አጨበጨቡለት። ሃያ ዓመት የፈጀው ሙግት በፍርድ ቤት ጠፍቶ በባለሙያዎች ልብ ተረታ።

ጩኸት የሌለበት ድምፅ

በእነዚያ ዓመታት ሌላ ነገር እየሠራ ነበር። የዘመኑ ሬዲዮ ድምፁን የሚሸከመው የሞገዱን ከፍታ በመለዋወጥ ነው፤ ይህም ኤኤም ይባላል። መብረቅም ሆነ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚፈጥረው ጩኸት እንዲሁ ከፍታን ስለሚለውጥ ከድምፁ ጋር ተደባልቆ ይገባል። አርምስትሮንግ የሞገዱን ከፍታ እኩል አድርጎ ፍሪኩዌንሲውን በሰፊ ልክ ለዋወጠው። ተቀባዩ የከፍታውን መዋዠቅ ቆርጦ ሲጥል ጩኸቱም አብሮ ይወድቃል። ይህ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ኤፍኤም ነው። በታኅሣሥ 1933 መብቶቹን አገኘ። በ1934 ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ላይ ባደረገው ሙከራም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ተቀባይ የሙዚቃ መሣሪያውን ድምፅ ከጎን እንዳለ ያህል አጥርቶ አሰማ።

የሚገርመው የአውሮፕላን ንግግር ሬዲዮ ዛሬም ኤኤም መሆኑ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የኤፍኤም ተቀባይ በአንድ መስመር ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ደካማውን ፈጽሞ ውጦ ብርቱውን ብቻ ማሰማቱ ነው። በኤኤም ግን ሁለቱ ሲጋጩ ፉጨት ይሰማል፤ ተቆጣጣሪውም ሌላ ሰው እንደተናገረ ዐውቆ እንዲደገምለት ይጠይቃል። ስለዚህ በበረራው ክፍል ውስጥ የአርምስትሮንግ ተቀባይና አመንጪ ሲኖሩ፣ የሚወደው ኤፍኤም ደግሞ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሕዝብ ሬዲዮዎችን ይዟል። ከ108 በላይ ያለው የአየር ጉዞ ነው፤ መጀመሪያ የመንገድ ማሳያ መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም ንግግሩ።

ያልተቀበለው ሚሊዮን

ሳርኖፍ በኤኤም ጣቢያዎችና ሊመጣ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ብዙ ሀብት አፍስሶ ስለነበር፣ ሁሉን የሚለውጥ አዲስ ሥርዓት አልፈለገም። አርምስትሮንግ መሣሪያዎቹን ከኤምፓየር ስቴት እንዲያነሣ ተጠየቀ። እሱም በገዛ ገንዘቡ በኒው ጀርሲ አልፓይን በተባለ ቦታ ግዙፍ ማማ አቁሞ ኤፍኤምን ማሠራጨት ጀመረ። በ1940 አርሲኤ አንድ ሚሊዮን ዶላር ልስጥህ፣ ከዚያ በኋላ ግን ከሽያጭ ድርሻ አትጠይቅ የሚል ሐሳብ አቀረበለት። ሌሎች ኩባንያዎች ከሽያጫቸው ድርሻ እየከፈሉት ስለነበር አንዱን ለይቶ ነፃ ማድረግ ግፍ መስሎ ታየውና እምቢ አለ። ምክንያቱ ክቡር ነበር፤ ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኤፍኤም መብቶቹን ለአገሩ ሠራዊት ያለ ክፍያ ሰጠ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ኤፍኤምን ከቀድሞ ቦታው ወደ ዛሬው ክልል አዛወረው። በሕዝብ እጅ የነበሩት ተቀባዮችና የተተከሉት ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ውሳኔ ከንቱ ሆኑ። አርሲኤና ሌሎች ኩባንያዎችም ድርሻውን ሳይከፍሉ በኤፍኤም መጠቀማቸውን ቀጠሉ። በ1948 ክስ መሠረተ። ምስክርነቱ ዓመታትን ፈጀ፤ የመብቶቹ ዘመን በ1950 አበቃ፤ ሀብቱም በጠበቆች ደመወዝና በማማው ወጪ አለቀ።

ማሪዮን ነገሩን በስምምነት ጨርሶ ቀሪ ዕድሜያቸውን በሰላም እንዲኖሩ ለመነችው። እሱ አልሰማትም። በኅዳር 1953 በመካከላቸው በተነሣ ጠብ እጁን አነሣባት፤ እሷም ቤቱን ጥላ ወደ እህቷ ሄደች። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ስትለየው ቤቱ ባዶ ሆነ። በጥር መጨረሻ 1954 ሌሊት፣ ንድፉን በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካስመሰከረ ከ41 ዓመት በኋላ፣ ለሚስቱ የጸጸት ደብዳቤ ጽፎ በ63 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ከሙግቱ በኋላ

ማሪዮን ክሶቹን ተረክባ ቀጠለች። አርሲኤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሎ ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ። ባሏ ከ14 ዓመት በፊት ያልተቀበለው ገንዘብ ልክ ያህል ማለት ነው። የመጨረሻው ክስ በ1967 በእሷ አሸናፊነት ተጠናቀቀ፤ አርምስትሮንግ የኤፍኤም ባለቤት መሆኑም በፍርድ ጸና። እሱ ግን ይህን ሊሰማ አልቻለም።

በሸሪዓችን ነፍስ የአላህ አማና ናት፤ ባለቤቷ ራሱ እንኳ ሊያጠፋት አይፈቀድለትም፤ ተስፋ መቁረጥም ለሙእሚን የተከለከለ በር ነው። የሰውየውን መጨረሻ የምንተርከው ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርዱ የአላህ ነው። ለትምህርት ግን ይበቃል። ሱልሕ፣ ማለትም እርቅ፣ በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የተሰጠው፣ ቃዲዎችም ተከራካሪዎችን ወደ እርሱ የሚጋብዙት የተበደለ ሰው መብት ስለሌለው አይደለም። የተበደለ ሰውም ዕድሜ፣ ትዳርና ልብ ስላለው ነው። አርምስትሮንግ በአብዛኛው ክርክሮቹ እውነት ከእሱ ጋር ነበረች። በ1920ዎቹ የተሸነፈ ሰው ወጪን ቢተው፣ በ1940ም መካከለኛ መንገድ ቢፈልግ፣ ከእውነቱ ምንም ባልጎደለበት ነበር። በውርስ፣ በንግድ ሽርክና ወይም በቤት ኪራይ ሙግት ከወንድሙ ጋር ዓመታትን የሚያሳልፍ ወገናችን ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ከሰውየው የቀረው ደግሞ ሙግቱ አይደለም። የፍርድ ቤት መዝገቦቹን ዛሬ የሚያነብባቸው ጥቂት ነው። ከጂዳ የተነሣው አውሮፕላን ግን ቀይ ባሕርን ሲያቋርጥ አብራሪው ቁልፉን ያዞራል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ አመንጪው በክሪስታሉ ይታሰራል፣ ከሰማዩ ሁካታ መካከል አንድ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ መንገደኞቹም በሰላም ይገባሉ። አላህ ጠቃሚውን ዕውቀት ያብዛልን፤ በመካከላችን ላለው ክርክርም ከእርቅ በሩን አይዝጋብን።